ጀርመን ወዳለ የትዳር ጓደኛ ለመሄድ፦ የረጅም ጊዜ ቪዛ ከአዲስ አበባ እንዴት ይጠየቃል?

የትዳር ጓደኛችሁ ጀርመን ነው። እናንተ አዲስ አበባ ናችሁ። ጋብቻው ተፈጽሟል፤ የቀረው አብሮ መኖር ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ብሔራዊ ቪዛ ወይም ዲ ቪዛ የሚባለው፣ ከ90 ቀን በላይ ለመቆየት የሚሰጠው ቪዛ ነው። ፕሮሰሱን ከዜሮ ጀምሮ በቅደም ተከተል ላሳያችሁ። ለትምህርት ወይም ለሥራ የምትሄዱም ብትሆኑ ስለ ሰነድና ስለ ቀጠሮ የተጻፈው ይጠቅማችኋል።

አንድ ነገር ላስቀድም። ፋይላችሁን የሚያየው ሰው እናንተን አያውቅም። ሠርጋችሁ ላይ አልነበረም፣ ሰፈራችሁን አያውቅም፣ ስማችሁን እንኳ በትክክል መጥራት ላይችል ይችላል። የሚያውቀው ፊቱ ያለውን ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራችሁ ወረቀቶቹ ሁሉ ስለ እናንተ አንድ ዓይነት ነገር እንዲናገሩ ማድረግ ነው። እውነተኛ ትዳር ያላቸው ሰዎች ለወራት የሚጉላሉት በአብዛኛው አንዱ ወረቀት ከሌላው ጋር ስላልገጠመ ነው። ይሄ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም አስቀድሞ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው።

ደግሞ "በቱሪስት ቪዛ ግቢና እዚያ ትቀይሪዋለሽ" የሚል ምክር መስማታችሁ አይቀርም። አትቀበሉት። የጀርመን ሕግ ለረጅም ጊዜ ለመኖር የሚገባ ሰው ከመነሻው ትክክለኛውን ቪዛ ይዞ እንዲገባ ይፈልጋል። የሚታለፍባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ ግን ጥቂት ናቸው፣ ውሳኔውም የመሥሪያ ቤቱ ነው። "ተመለሱና ከአገራችሁ ጠይቁ" ከተባላችሁ ገንዘቡም ጊዜውም ሁለት ጊዜ ይወጣል።

1. መጀመሪያ የትኛው መስመር ላይ እንዳላችሁ ለዩ

ሁሉም የሚጀምረው ጀርመን ያለው ሰው በያዘው ፈቃድ ነው። ጓደኛችሁ በቀላሉ ሄዳለች ማለት የእናንተም እንደሷ ይሆናል ማለት አይደለም። የሷ ባል የያዘው ወረቀት ሌላ ሊሆን ይችላል።

የትዳር ጓደኛችሁ የጀርመን ዜግነት ካለው በመደበኛው ሁኔታ ገቢው መሰናክል አይሆንም። የጀርመንኛ ኤ1 ፈተና (የመጀመሪያው የቋንቋ ደረጃ) ግን ማለፍ አለባችሁ። የቪዛ ክፍያም የለባችሁም።

በሠራተኛነት ወይም በቋሚ መኖሪያ ፈቃድ የሚኖር ከሆነ ሁለታችሁን የሚያኖር ገቢ እንዳለው ማሳየት አለበት። እንደ ፈቃዱ ዓይነት የቤቱ ስፋትም ይታያል። ኤ1 መጠየቁም እንደ ፈቃዱ ዓይነት ነው። ብሉ ካርድ የሚባለውን ወይም ሌላ የሠለጠነ ባለሙያ የሥራ ፈቃድ የያዘ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ቀድሞ ጀርመንኛ መቻል አይጠበቅበትም። ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ብዙ ሰው ሳያውቅ ወራት ሙሉ ፈተና ይጠብቃል።

በጥገኝነት የተቀበሉት ከሆነ ደግሞ ጊዜ ላይ ንቁ። ሙሉ የስደተኛነት እውቅና ያገኘ ሰው ውሳኔው ከጸናበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ የቤተሰቡ ጥያቄ ከቀረበ የገቢና የቤት ማስረጃ አይጠየቅም። ቀጠሮ እስኪገኝ 3 ወሩ እንዳያልፍ፣ እዚያ ያለው ሰው ራሱ "ቤተሰቤን ላመጣ ነው" ብሎ በኢንተርኔት ማሳወቅ ይችላል። ያሳውቅ፣ ማረጋገጫውንም ፕሪንት አድርጎ ያስቀምጥ። ጋብቻው የተፈጸመው እሱ ጀርመን ከመግባቱ በፊት ከሆነ ኤ1ም አይጠየቅም። ንዑስ ጥበቃ የሚባለውን ዝቅ ያለ ከለላ ያገኙ ሰዎች ግን ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ጁላይ 24 ቀን 2025) ጀምሮ ለሁለት ዓመት ቤተሰብ የማምጣት መብታቸው ታግዷል፤ የሚታየው እጅግ አስቸጋሪ ሁኔታ ብቻ ነው። እዚህ መስመር ላይ ያላችሁ ለደላላ ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት ጀርመን ያለው ሰው ወደ ስደተኞች ምክር አገልግሎት ሄዶ ይጠይቅ። በየከተማው አለ፣ በነፃ ነው።

በሁሉም መስመር ሁለታችሁም 18 ዓመት የሞላችሁ መሆን አለባችሁ።

የት ነው የሚጠየቀው? በቋሚነት በምትኖሩበት አገር። ኢትዮጵያ ያላችሁ አዲስ አበባ ቀበና ባለው የጀርመን ኤምባሲ። ዱባይ፣ ሪያድ ወይም ኩዌት ሕጋዊ መኖሪያ ይዛችሁ የምትሠሩ ግን እዚያው ባለው የጀርመን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ነው የምታመለክቱት፤ ለዚህ ብላችሁ ሥራ ለቃችሁ መምጣት የለባችሁም።

2. ጀርመንኛውን ዛሬ ጀምሩ

ኤ1 የሚጠየቅባችሁ ከሆነ ሌላውን ሰነድ ከማሰባሰብ ጎን ለጎን አሁኑኑ ጀምሩ፣ ምክንያቱም ረጅም ጊዜ የሚወስደው እሱ ነው። አዲስ አበባ ላይ የታወቀው ቦታ ጎተ ኢንስቲትዩት ነው። ሰፈራችሁ ባለ ቋንቋ ትምህርት ቤት መማር ትችላላችሁ፣ ችግር የለውም፤ ግን ኤምባሲው የሚቀበለው እውቅና ያለው ፈታኝ ተቋም የሰጠውን ሰርተፊኬት ነው። የትምህርት ቤቱ የምስክር ወረቀት አይሠራም።

ፈተናው ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር አለው። ማለፊያው ከ100 ነጥብ 60 ነው። ራስን ማስተዋወቅ፣ ስምን ፊደል በፊደል መጥራት፣ ስልክ ቁጥር መናገር፣ ፎርም መሙላት፣ አጭር መልእክት መጻፍ፦ ይሄ ነው። የእኛ ሰው የሚፈራው መናገሩን ነው፣ የሚጥለው ግን ብዙ ጊዜ ማዳመጡ ይመስለኛል። ስለዚህ በየቀኑ አዳምጡ። ጀርመን ያለው የትዳር ጓደኛችሁም በስልክ ስታወሩ አሥር ደቂቃ በጀርመንኛ ያውራችሁ። ሰርተፊኬቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት ያልበለጠ እንዲሆን ይፈለጋል፤ ካለፋችሁ በኋላ ፋይሉን አታቆዩ። ቀጠሮ ላይ ሠራተኛዋ በጀርመንኛ አንድ ሁለት ጥያቄ ብትጠይቃችሁም አትደንግጡ።

3. ሰነዶቹ

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልጽፍ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነው።

የጋብቻ ማስረጃ። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ፣ በሃይማኖትና በባህል የተፈጸመን ጋብቻ እኩል ያውቃል። ግን ለኤምባሲ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ አስመዝግባችሁ የጋብቻ ሰርተፊኬት አውጡ። የሃይማኖቱን ወረቀት ግን አትጣሉት፤ አብሮ ይቀርባል፣ ይደግፋችኋል። ወሳኝ ኩነት በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ተጋብታችሁ ዘግይታችሁ ያስመዘገባችሁ ከሆነ የተጋባችሁበትና የተመዘገበበት ቀን ይራራቃል። ጥፋት አይደለም። ለምን እንደዘገየ ግን በሁለት ዓረፍተ ነገር መመለስ ቻሉ።

የውክልና ጋብቻ ነገርም አለ። እሱ ጀርመን ሆኖ ወንድሙ ተወክሎ የተፈረመ ጋብቻ ይዛችሁ ከሆነ ቆም በሉ። የቤተሰብ ሕጉ ሁለቱም ተጋቢዎች በአካል ተገኝተው ፈቃዳቸውን እንዲሰጡ ያዛል፤ በውክልና የሚፈቀደው ከባድ ምክንያት ኖሮ ፍትሕ ሚኒስቴር ሲያምንበት ብቻ ነው። ይሄ ፈቃድ ከሌለ ጀርመን ያለ የሕግ ባለሙያ አማክሩ። ብዙዎች በመጨረሻ የሚያደርጉት፣ መጓዝ የሚችለው ሰው መጥቶ በአካል መጋባት ነው።

ከዚህ በፊት አግብታችሁ ከነበረ የፍቺው የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል። የሞት ከሆነ የሞት ሰርተፊኬት። የሁለታችሁም። "እሱ የድሮ ነገር ነው" ብላችሁ አትለፉት፣ የድሮ ነገር ነው የሚመረመረው።

አሁን ስም። የእኛ የስም አጻጻፍ ለጀርመን ፎርም አይመችም። የእኛ ሰው የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው ያለው፤ ባልና ሚስት አንድ የቤተሰብ ስም የላቸውም። ፎርሙ ግን የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፓስፖርታችሁ ላይ በየትኛው መስመር ምን እንደተጻፈ እዩና ፊደል ሳትቀንሱ ሳትጨምሩ እሱኑ ገልብጡ። የባላችሁን ስም ደርባችሁ አትጻፉ።

በላቲን ፊደል የሚጻፈው ነገር ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። ሕይወት፣ ፀሐይ፣ ዮሐንስ የሚሉ ስሞች በሦስትና በአራት ዓይነት ይጻፋሉ። ፓስፖርት ላይ አንድ ዓይነት፣ የጋብቻ ሰርተፊኬት ላይ ሌላ፣ የትምህርት ማስረጃ ላይ ሦስተኛ ሆኖ ይገኛል። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለጀርመኑ ሦስት ሰው ነው። ስለዚህ ወሳኝ ኩነት ስትሄዱ የሁለታችሁንም ፓስፖርት ኮፒ ያዙና ጸሐፊው ከፓስፖርቱ ላይ እንዲገለብጥ በትሕትና ለምኑት። ከፊርማውና ከማኅተሙ በፊት ስክሪኑን አሳዩኝ በሉ። ሰርተፊኬቱ ከወጣ በኋላ ማሳረም ቀን ይበላል፤ ቢሆንም ስህተት ካያችሁ አሳርሙ እንጂ "ይሁን ግድ የለም" አትበሉ። ማረም ካልተቻለ ሁለቱ አጻጻፎች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማስረጃ ከሰጪው መሥሪያ ቤት ወይም ከፍርድ ቤት ያዙ።

ቀንም እንደዚሁ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈን የልደት ቀን ወደ ፈረንጅ ሲመልሱ የአንድ ቀን ስህተት በጣም የተለመደ ነው። ለምሳሌ ጥር 5 ቀን 1992 ዓ.ም. ጃንዋሪ 14 ቀን 2000 ነው። በልማድ የሚመልሰው ግን 13 ይለዋል። የ1991 ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበረች ከዚያ መስከረም ጀምሮ እስከ የካቲት 21 ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ይገፋል። ፓስፖርቱ 13 ቢል፣ የልደት ሰርተፊኬቱ 14 ቢል፣ ሁለቱንም ያወጣችሁት እናንተው ብትሆኑም ጥያቄ ይነሳል። ሁሉንም ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ደርድራችሁ ስምና ቀን እያነበባችሁ አወዳድሩ፤ ሌላ ሰው ጠርታችሁ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። አንድ ምሽት በቂ ነው፣ ወራት ያተርፍላችኋል።

ይሄ ማወዳደር ጀርመን ያለውን ፋይልም ይጨምራል፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። የትዳር ጓደኛችሁ መጀመሪያ ሲገባ፣ ለቪዛም ይሁን ለጥገኝነት፣ ስለ ጋብቻው ምን ብሎ ነበር? ያላገባ ነኝ ብሎ ከነበረና የእናንተ ሰርተፊኬት ከዚያ በፊት ተጋብተናል የሚል ከሆነ የውጭ ዜጎች መሥሪያ ቤቱ አሮጌውን ፋይል አውጥቶ ያየዋል። የልጅ ስም፣ የመንደር ስም፣ የሠርግ ዓመት፦ ሁሉንም አሁኑኑ ጠይቁት። እሱ ያለውን ቀድማችሁ ካወቃችሁ እውነቱን በደብዳቤ ማስረዳት ትችላላችሁ። ካላወቃችሁ ግን ጠያቂው ፊት ትሰሙታላችሁ።

የጀርመን ኤምባሲ የኢትዮጵያን ሰነዶች እንዲሁ በማኅተም ብቻ አያምንም፤ በሚያምነው ጠበቃ በኩል ሰነዱ የወጣበት ቦታ ድረስ ሄዶ ሊያስጣራ ይችላል። ወጪው የአመልካቹ ነው፣ ጊዜም ይወስዳል። ስለዚህ ፎርጅድ ወረቀት አታስገቡ። "ይሄን እኔ ጨርሼ አመጣላችኋለሁ" የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ ሰርተፊኬት ቢያመጣላችሁ እንኳ ራሳችሁ ወረዳው ሄዳችሁ መዝገቡ ላይ መኖራችሁን አረጋግጡ። እውነተኛ ትዳር በአንድ የውሸት ወረቀት ሲበላሽ ከማየት የሚከብድ ነገር የለም፣ የውሸቱ ወረቀት ለሚቀጥለው ማመልከቻም ይከተላችኋል።

የቀረው ቀላል ነው። የወሳኝ ኩነት ሰርተፊኬት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስለሚወጣ ይረዳል፤ በአማርኛ ብቻ ያለ የፍርድ ቤት ውሳኔ ግን መተርጎም አለበት። በየትኛው ቋንቋ፣ በስንት ኮፒ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጫ ይኑረው አይኑረው የሚለውን ከኤምባሲው ድረ ገጽ ለእናንተ የቪዛ ዓይነት ከወጣው ዝርዝር ላይ እዩ። ካለፈው ዓመት የጓደኛ ዝርዝር አትሥሩ። ፎቶው 35 በ45 ሚሊ ሜትር፣ ቅርብ ጊዜ የተነሳ፣ ከጀርባው ነጣ ያለ።

ልጅ አብሮ የሚሄድ ከሆነ ለብቻው ማመልከቻ ይሞላለታል። ከሌላ ሰው የወለዳችሁት ልጅ ከሆነ የሌላኛው ወላጅ ፈቃድ ወይም ልጁን የማሳደግ ሙሉ መብት የሰጣችሁ የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል። ይሄን ቀድማችሁ ጀምሩት፤ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለው።

4. እዚያ ያለው ሰው የቤት ሥራ

ጀርመን ያለው ሰው "እናንተ ጨርሱ፣ እኔ ዝግጁ ነኝ" ብሎ መቀመጥ የለበትም። የፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ኮፒ፣ የከተማው የነዋሪነት ምዝገባ ወረቀት፣ የሥራ ውል፣ የመጨረሻዎቹ ወራት የደመወዝ ወረቀቶች፣ የቤት ኪራይ ውል። ቤቱ የሚታይባችሁ ከሆነ ስፋቱ በልምድ ለአንድ አዋቂ 12 ካሬ፣ ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ 10 ካሬ ተብሎ ይሰላል። ከሰው ጋር ተዳብሎ አንድ ክፍል የሚኖር ከሆነ ቤት ፍለጋውን ቀጠሮ ሳይደርስ ይጀምር፣ ትልልቆቹ ከተሞች ውስጥ ቤት ማግኘት ከባድ ነው።

የጤና መድን ነገርም አለ። እሱ በሕዝባዊው የጤና መድን ውስጥ ከሆነ ሥራ የሌለው የትዳር ጓደኛ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በቤተሰብነት ይገባል። መድን ድርጅቱን ጠይቆ ይህን የሚገልጽ ወረቀት ያምጣ። እናንተ ደግሞ ከምትበሩበት ቀን ጀምሮ ያለውን ክፍተት የሚሸፍን የጉዞ መድን ትገዛላችሁ።

5. ፖርታሉ ላይ ማመልከት

ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ የጀርመን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የብሔራዊ ቪዛ ማመልከቻን በዓለም ዙሪያ ባሉት ኤምባሲዎቹ በኢንተርኔት መቀበል ጀምሯል። የቆንስላ አገልግሎት ፖርታል ይባላል። በኢሜይላችሁ አካውንት ከፍታችሁ የቪዛውን ዓይነት ትመርጣላችሁ፣ ጥያቄዎቹን ትሞላላችሁ፣ ስካን ያደረጋችሁትን ሰነድ ትጭናላችሁ። ኤምባሲው ካየው በኋላ የጎደለ ካለ ይነግራችኋል፣ ከዚያ ለቀጠሮ ይጠራችኋል።

ኢሜይሉ የእናንተ ይሁን። የደላላ ወይም የኢንተርኔት ካፌ ልጅ ኢሜይል አታስገቡ፣ የቀጠሮ ጥሪው እሱ ጋ ይቀራል። በየቀኑ ክፈቱት፣ የማይፈለጉ መልእክቶች የሚገቡበትንም ሳጥን እዩ። ስካኑ በስልክ ቢሆንም ይሁን፣ ግን አራቱም ጠርዝ ይታይ፣ ጥላ አይኑርበት፣ ማኅተሙ ይነበብ፣ ከጀርባ የተጻፈ ካለ ጀርባውም ይግባ። እና ጎዶሎ ፋይል አትላኩ። ቶሎ መላክ ቶሎ መጨረስ የሚመስላቸው አሉ፤ የጎደለው እስኪሟላ ግን ፋይሉ ቁጭ ይላል።

ፖርታሉም ቀጠሮውም በነፃ ነው። ቀጠሮ እሸጣለሁ የሚላችሁ ሰው ሌባ ነው።

6. የቀጠሮው ቀን

ሰዓቱን ተጠንቀቁ። ኢሜይሉ ላይ 8፡30 ካለ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ቀኑም በፈረንጅ ነው፣ መጀመሪያ ቀን ከዚያ ወር ነው የሚጻፈው። ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ዋናውን ሰነድ ሁሉና የተጠየቀውን ያህል ኮፒ በዝርዝሩ ቅደም ተከተል አድርጋችሁ ያዙ። ክፍያው ለአዋቂ 75 ዩሮ፣ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ 37.50 ዩሮ ነው፤ በብር ስንት እንደሚሆን በዚያ ሳምንት አጣርታችሁ ትንሽ ጨምራችሁ ያዙ። አሻራ ይወሰዳል።

ከዚያ ጥያቄ አለ። ጥያቄው ጋብቻው ለወረቀት ተብሎ የተፈጸመ መሆን አለመሆኑን ለማየት ነው። እንዴት ተዋወቃችሁ? ማን አስተዋወቃችሁ? ሽማግሌ ማን ነበር? ሠርጉ የት ነበር፣ ሚዜው ማን ነበር፣ መልሱስ? ከሠርጉ በኋላ ስንት ጊዜ ተገናኛችሁ? የት ነው የሚሠራው፣ ከማን ጋር ይኖራል፣ እህት ወንድም ስንት አለው? ጥርጣሬ ካለ እዚያ ያለውን ሰው የከተማው መሥሪያ ቤት ጠርቶ ተመሳሳዩን ይጠይቀዋል፣ ከዚያ መልሶቹ ይነጻጸራሉ።

መልስ አትሸምድዱ። ሁለት ሰው ቃል በቃል አንድ ዓይነት መልስ ሲሰጥ ያጠራጥራል። ከዚያ ይልቅ በስልክ ረዘም ላለ ጊዜ አውሩ፦ የተዋወቃችሁበትን፣ ሠርጉን፣ ቤተሰቡን። የተዘነጋ ነገር ይወጣል። የማታውቁትን "አላስታውስም" በሉ። በዘመድ ወይም በስልክ ተዋውቃችሁ ከሆነም አትፈሩ፣ እንደሆነው ተናገሩ። በእኛ አገር በቤተሰብ መተዋወቅ የተለመደ ነው፣ ጥያቄውን የምታቀርበው ሠራተኛም ይሄንን ሳትሰማ አትቀርም። የሚጎዳው ነገሩን አሳምሮ ለመናገር ሲባል የሚጨመረው ነው።

ማስረጃ ያዙ። የሠርግና የቤተሰብ ፎቶ፣ ከጀርባው ቀንና ቦታ የተጻፈበት። እሱ ሲመጣ የተመታው የቦሌ ማኅተም ያለበት የፓስፖርት ገጽ ኮፒ። የስልክ ንግግራችሁን የሚያሳይ ዝርዝር። የሚልክላችሁ ገንዘብ ካለ ደረሰኝ፤ በእጅ በሰው የሚላክ ገንዘብ ደረሰኝ የለውም፣ ስለዚህ ከአሁኑ ጀምሮ በባንክ ወይም በሕጋዊ ሐዋላ ይላክ። አልበም ሙሉ ፎቶ አያስፈልግም፤ ከየጊዜው ጥቂት ይበቃል።

7. መጠበቅ

ፋይሉ ከኤምባሲው የትዳር ጓደኛችሁ ወደሚኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች መሥሪያ ቤት ይሄዳል። እዚያ ያሉ ሐበሾች አውስሌንደርበሆርደ ሲሉ የምትሰሙት እሱ ነው። ካልተስማማ ቪዛው አይሰጥም። ወራት ይወስዳል፣ ከከተማ ከተማም ይለያያል። ኤምባሲውን በየሳምንቱ መጠየቅ አያፈጥነውም። የሚያፈጥነው እዚያ ያለው ሰው ፖስታ ሳጥኑን በየቀኑ ማየቱና ለሚላክለት ደብዳቤ ወዲያው መመለሱ ነው። አድራሻ ከቀየረ፣ ሥራ ከለቀቀ፣ እናንተ ካረገዛችሁ ወይም ፓስፖርት ካሳደሳችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። እስከዚያው ሥራችሁን አትልቀቁ፣ ዕቃ አትሽጡ፣ ትኬት አትቁረጡ።

8. መልሱ ሲመጣ

ከተከለከላችሁ ምክንያቱ በደብዳቤ ይሰጣችኋል። ድሮ ለኤምባሲው ራሱ ቅሬታ ይጻፍ ነበር፤ ያ አሠራር ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ቀርቷል። "የቅሬታ ደብዳቤ እጽፋለሁ" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ይሄን አስታውሱት። አሁን ያለው ሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በርሊን በሚገኘው የአስተዳደር ፍርድ ቤት መክሰስ፤ ደብዳቤው እንደደረሳችሁ በአንድ ወር ውስጥ መቅረብ አለበት፣ በጀርመንኛ ነው። ሁለተኛው ጉድለቱን አስተካክሎ እንደገና ማመልከት። ምክንያቱ የጎደለ ወረቀት ወይም ያልበቃ ገቢ ከሆነ ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ትዳራችሁን ካላመኑት ግን ጠበቃ ያስፈልጋችኋል፣ አንድ ወሩ ሳያልፍ።

ከተፈቀደ ፓስፖርቱን ስትቀበሉ እዚያው ቆማችሁ ስማችሁን፣ የልደት ቀናችሁንና ቪዛው የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ። ስህተት ካለ ከመስኮቱ ሳትርቁ ተናገሩ። ስትበሩ የጋብቻና የልደት ሰርተፊኬቱን ዋና ቅጂ በእጅ ሻንጣ ያዙ፣ እዚያም በየመሥሪያ ቤቱ ይጠየቃል።

ከገባችሁ በኋላ በ2 ሳምንት ውስጥ የከተማው ነዋሪ ሆናችሁ ትመዘገባላችሁ፤ ለዚህ አከራዩ የሚፈርመው ወረቀት ስላለ ባለቤታችሁ ቀድሞ ያስፈርም። ዲ ቪዛው ለመግቢያ ነው፣ የሚያገለግለው ለተወሰኑ ወራት ነው። ቀኑ ሳያልፍ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ አለባችሁ፣ የውጭ ዜጎች መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ቀጠሮ ያዘገያል። ስለዚህ በነዋሪነት እንደተመዘገባችሁ በዚያው ሳምንት ቀጠሮ ጠይቁ፣ የጠየቃችሁበትንም ኢሜይል አስቀምጡ።